ያህዌ፣ ይሖዋ፣ አዶናይ፦ አምላክን በዕብራይስጥ ስሙ ስለመጥራት

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊያልቅ አካባቢ እቴቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ ነበር። እቴቴ አክስቴ ናት። ሰባዎቹን አጋምሳለች። በየማለዳው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ «አቡነ ዘበሰማያት» ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የዚያን ቀን ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። ሁለተኛውን ቀድታ ዝም አለች። ቆይታ «እኔ የምልህ፣ እስከዛሬ የጸለይኩት ሁሉ ወዴት ሄዶ ይሆን?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጇ ዘካርያስ ስልኩ ላይ አንድ ትምህርት ሰምቷል። «እግዚአብሔር» የአምላክ ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው ይላል ትምህርቱ። እውነተኛው ስም በዕብራይስጥ ያህዌ ነው፤ በዚህ ስም ያልተጠራ ጸሎት አይደርስም ይላል። ልጁ ክፋት የለውም። አያቱን ስለሚወድ፣ እንዳይቀርባት ብሎ ነው የነገራት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ልትጸልይ ስትቆም አፏ ይያዛል።

እንዲህ የተጨነቀች እሷ ብቻ አይደለችም። ጥያቄውን ከወጣቶችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ለእቴቴ በቡናው ላይ የነገርኳትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ከእውነቱ እንነሳ። አምላክ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የራሱ መጠሪያ ስም አለው። በአራት ፊደል ይጻፋል፦ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። ፊደሎቹን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መዝሙር 119ን ክፈቱ፤ ዳዊት የሚደግም ሰው 118 ብሎ ነው የሚያውቀው። በብዙ ዕትም ከየክፍሉ በላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ ይወርዳል። እነዚያ የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው። ከመካከላቸው ሄ፣ ዋው እና ዮድን ታገኛላችሁ። በእኛ ፊደል ብናስቀምጣቸው የ፣ ሀ፣ ወ፣ ሀ እንደማለት ነው። ይህ ስም በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ውስጥ ከ6,800 ጊዜ በላይ ተጽፏል። የትኛውም ሌላ የአምላክ መጠሪያ ይህን ያህል አልተደጋገመም።

ትርጉሙን የሚነግረን ዋናው ቦታ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ነው። ሙሴ ከሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ቆሞ ስም ይጠይቃል። መልሱ በዕብራይስጥ «ኤህዬ አሼር ኤህዬ» ነው። አማርኛው «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» ይለዋል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆን ይጠቅማል። እኛ ስለራሳችን ስንናገር «እኖራለሁ» እንላለን፤ ስለ ሌላው «ይኖራል»። መጀመሪያ ላይ ያለችው «እ» ወደ «ይ» ተለወጠች። ዕብራይስጥም የአማርኛ ዘመድ ስለሆነ እንዲሁ ያደርጋል። አምላክ ስለራሱ ሲናገር «ኤህዬ» ይላል፣ እኔ እኖራለሁ እንደማለት። ሰው ስለ እርሱ ሲናገር ደግሞ በ«ይ» ይጀምራል፣ እርሱ ይኖራል እንደማለት። ከስሙ መጀመሪያ ያለችው ዮድ ይህችው «ይ» ናት ይላሉ ብዙ ሊቃውንት። «እንዲኖር የሚያደርግ» ማለት ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ከመኖር አይወጡም።

በጥንት ዘመን ይህ ስም የካህናት ምስጢር አልነበረም። ሰው ከሰው ጋር ሰላም የሚባባልበት ስም ነበር። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላቸዋል። እነሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይሉታል። በዕብራይስጡ ሁለቱም ላይ ያለው ያው ባለ አራት ፊደል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ለኪሶ በተባለችው የይሁዳ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል፤ ባቢሎናውያን አገሩን ሊያጠፉ የተቃረቡበት ጊዜ ነው። ጸሐፊው ለአለቃው የሚጀምረው «ያህዌ ለጌታዬ የሰላም ወሬ ያሰማው» በሚል ምኞት ነው። የድሮ የአማርኛ ደብዳቤ «እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ እንደሚጀምር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የብሩ ጥቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በኢየሩሳሌም ሄኖም ሸለቆ ዳር፣ ከዓለት በተፈለፈለ መቃብር ውስጥ ሁለት ትንንሽ የብር ቅጠሎች ተጠቅልለው ተገኙ። ትልቁ ሲዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሹል ነገር የተጫሩት ፊደሎች ለዓይን አይታዩም ማለት ይቻላል። ሲነበቡ ግን ካህናት ሕዝቡን የሚባርኩበት ቃል ሆነው ተገኙ፦ «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም።» ስሙ በአራቱም ፊደል አለ። አንድ ሰው አንገቱ ላይ አስሮት ኖሮ፣ ሲሞት አብሮት ተቀበረ። አንገቱ ላይ ክታብ ያሰረ ሰው አይቶ ለሚያውቅ አገሬ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ ስሙ እንዲህ በየአፉ ከነበረ እንዴት ጠፋ? ከአክብሮት የተነሳ ነው። «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን ትእዛዝ እንዳይጥሱ አይሁድ ቀስ በቀስ መጥራቱን ተዉት። በየቦታው ሲያነቡ እዚያ ሲደርሱ «አዶናይ» ማለት ጀመሩ፤ «ጌታዬ» ማለት ነው። በጽሑፍ እንኳ ይጠነቀቁ ነበር። በሙት ባሕር አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል ሙሉው ጽሑፍ በዘመኑ ፊደል ተጽፎ፣ ስሙ ብቻ በጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈባቸው አሉ። ዓይን እዚያ ሲደርስ እንዲያቆም፣ ምላስም እንዲጠነቀቅ ይመስላል።

በመጨረሻ ስሙ እንደተጻፈው የሚጠራው በቤተ መቅደስ ብቻ ሆነ። ትልቁ ቀን ዮም ኪፑር፣ የስርየት ቀን ነው። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ እንደሚተርከው ሊቀ ካህናቱ የሕዝቡን ኃጢአት ሲናዘዝ ስሙን በግልጽ ይጠራል። በአደባባዩ የቆሙት ካህናትና ሕዝቡ ስሙ ከአፉ ሲወጣ ሲሰሙ በጉልበታቸው ይወድቃሉ፣ ይሰግዳሉ፣ በግንባራቸው ይደፋሉ። «የመንግሥቱ ክብር ስም ለዘለዓለም ይባረክ» ይላሉ። በዚያ ቀን ስሙ 10 ጊዜ ይጠራ እንደነበር ታልሙድ የተባለው ሌላው የአይሁድ መጽሐፍ ይናገራል። ከዚያ በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉት። የሚጠራበት ቦታ ጠፋ። የድምፁም ትክክለኛ አወጣጥ አብሮ ጠፋ።

ለምን እንደጠፋ ለመረዳት ፊደሉን ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ ፊደል ባለጸጋ ነው። ከ፣ ኩ፣ ኪ እያለ ድምፁን ከነአናባቢው ይሰጠናል። የጥንት ዕብራይስጥ ግን በዋናነት ተነባቢውን ብቻ ነው የሚጽፈው። «ክብድ» ብዬ ብቻ ብጽፍላችሁ ምን ትላላችሁ? ከበደ? ከባድ? ከብዶ? አማርኛ የሚናገር ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ያውቀዋል። የማይነገር ቃል ከሆነ ግን የሚያውቅ አይኖርም። አራቱ ፊደላት ቀሩ፣ በመካከላቸው የነበረው ትንፋሽ ሄደ።

በኋላ፣ ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ፣ ማሶራውያን የሚባሉ ሊቃውንት ንባቡ እንዳይበላሽ ከፊደላቱ በታችና በላይ የአናባቢ ምልክት አደረጉ። ብዙዎቹ በገሊላ ባሕር ዳር በጥብርያዶስ ይሠሩ ነበር። ወደ አራቱ ፊደላት ሲደርሱ ፊደሉን ሳይነኩ «አዶናይ» የሚለውን ቃል አናባቢዎች አኖሩበት። መልእክቱ ለአንባቢው «እዚህ ላይ አዶናይ በል» ነው። ይህን ልማድ የማያውቁ የአውሮፓ ክርስቲያኖች ፊደሉንና ምልክቱን አንድ ላይ አነበቡት። ይ፣ ሆ፣ ዋ፣ ህ። «ይሖዋ» የሚለው አጠራር የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የአንዱ ቃል አጥንት የሌላውን ቃል ሥጋ ለበሰ። አጠራሩ ግን ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1530 ዊልያም ቲንደል በእንግሊዝኛው ኦሪት አስገባው፤ ታዋቂው የ1611 የእንግሊዝኛ ትርጉምም በጥቂት ቦታዎች ተጠቅሞበታል። የይሖዋ ምስክሮች ይህን መጠሪያ የያዙት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው።

«ያህዌ»ስ? እሱ የሊቃውንት ግምት ነው። ጥሩ መሠረት ያለው ግምት ግን ነው። በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ቴዎዶሬጦስ የተባለ የሶርያ ጳጳስ ሳምራውያን ስሙን «ያቤ» ብለው እንደሚጠሩት በግሪክኛ ጽፏል። ከእሱ በፊት የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም የሚቀራረብ አጻጻፍ አስቀምጧል። አጭሩ ስም «ያህ» እንደሆነ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ብዙ ተመራማሪዎች «ያህዌ» ላይ ይደርሳሉ። የሙሴን ድምፅ ቀድቶ ያቆየ ሰው ግን የለም። እንግዲህ «ይህን አጠራር ካልጠራህ ጸሎትህ አይሰማም» የሚል ሰው የራሱን አጠራር ትክክለኛነት በምን ሊያረጋግጥ ነው? በዚህ ሕግ ከሄድን ከ70 ዓ.ም. ወዲህ የተሰማ ጸሎት ላይኖር ነው።

አሁን ወደ «እግዚአብሔር» እንምጣ። ዘካርያስ የሰማው ትምህርት አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ቃሉ በአፈጣጠሩ ማዕረግ ነው። «እግዚእ» ጌታ ነው። «ብሔር» በግዕዝ አገር፣ ምድር፣ ዓለም ነው፤ ዛሬ በፖለቲካ ንግግር የምንሰማውን ብሔር እርሱት። እግዚአ ብሔር፣ የዓለም ጌታ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ አምላኩን «እግዚአ ሰማይ» ይለዋል። የቃሉ አሠራር አንድ ነው።

ይህ ምርጫ ከየት መጣ? የግዕዝ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪክኛው ነው። ግሪክኛውን የተረጎሙት ደግሞ ከክርስቶስ በፊት የነበሩ አይሁድ ናቸው። በጣም ጥንታውያን በሆኑ አንዳንድ የግሪክኛ ብራናዎችና ፓፒረሶች ላይ አራቱ ፊደላት በዕብራይስጥ እንደተጻፉ ገብተዋል። በኋላ በተለመደው ንባብ ግን ቦታቸውን «ኪሪዮስ» ያዘው፤ ጌታ ማለት ነው። አዶናይ፣ ኪሪዮስ፣ እግዚእ። የኛ አባቶች ስሙን ደብቀው ሌላ ነገር አልተኩም። አይሁድ ራሳቸው ለዘመናት ሲያደርጉት የነበረውን ነው በግዕዝ ያደረጉት።

ይህን በእጃችሁ ባለው መጽሐፍ ማየት ትችላላችሁ። መዝሙር 110 ቁጥር 1ን አውጡ። በግዕዙ ዳዊት (እዚያ 109 ነው) «ይቤሎ እግዚእ ለእግዚእየ» ይላል፣ ጌታ ጌታዬን አለው። የግሪክኛው መልክ ነው፣ ሁለቱም ጌታ። በተለምዶ የምናነበው አማርኛ ግን «እግዚአብሔር ጌታዬን» ይላል። ዕብራይስጡን አይቶ ስለለየ ነው፤ የመጀመሪያው ባለ አራት ፊደል ስም ነው፣ ሁለተኛው ተራው «ጌታ»። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አማርኛው «ኤሎሂም» የሚለውን፣ አምላክ ማለት የሆነውን የዕብራይስጥ ቃልም ብዙ ጊዜ «እግዚአብሔር» ብሎ ነው የሚተረጉመው። «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ላይ ዕብራይስጡ ኤሎሂም ነው። የምንወደው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ላይም ኤሎሂም ነው።

ሐዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክኛ ነው። ሐዋርያት ስሙን ስለማያውቁ ይሆን የተዉት? ዕብራውያን ናቸው። ጳውሎስ የሕግ መምህሩ የገማልያል ተማሪ ነው። ይህ ሰው በሮሜ 10 ላይ ከነቢዩ ኢዩኤል ይጠቅሳል። ኢዩኤል በዕብራይስጥ የጻፈው ባለ አራት ፊደሉን ስም ነው፤ የእርሱን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል ብሎ። ስለ ስም መጥራት የሚናገር፣ መዳንንም በእርሱ ላይ ያንጠለጠለ ጥቅስ ነው። አጠራሩ የግድ ቢሆን ኖሮ ጳውሎስ ዕብራይስጡን ማስገባት የነበረበት እዚህ ነው። እሱ ግን «ኪሪዮስ» ብሎ ጻፈ። «የጌታን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል።» ጴጥሮስም ይህንኑ ጥቅስ የተናገረው በጰንጠቆስጤ ዕለት ነው፤ ከየአገሩ የመጣው ሰው የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ በየራሱ ቋንቋ በሰማበት ቀን።

ጌታችን ራሱ ጸሎት ሲያስተምር «አባታችን ሆይ» በሉ አለ። «ስምህ ይቀደስ» አለ። ስሙ እንዲቀደስ እየለመነ፣ ስሙን ሳይጠራ «አባት» ይላል። ይህን ስነግራት ነው እቴቴ ከረከቦቱ ቀና ያለችው። «እኔ አባቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም» አለችኝ። «ስሙን አጥቼው ነው? አባባ ስለው ግን ከየትም ይሰማኝ ነበር።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም። ባህላችን ይህን ያውቀዋል። ትልቅ ሰው «ጋሼ»፣ «እትዬ» ይባላል። አማቱን በስሙ የማይጠራ ስንት ሰው አለ። የአይሁድ «አዶናይ» ከዚህ ስሜት የራቀ አይደለም። ዛሬም ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ በጸሎት «አዶናይ» ይላል፤ ከጸሎት ውጭ ሲያወራ እሱንም ቆጥቦ «ሀሼም» ይላል፣ «ስሙ» ማለት ነው። የኛ ቤተ እስራኤል ወገኖች በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት የጸለዩት በግዕዝ ነው። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ይላሉ። ዕብራይስጥን የተማሩት ብዙዎቹ እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው። ዛሬ እዚያ አያት «እንዴት ነሽ» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። የልጅ ልጇ «ባሩክ ሀሼም» ትላለች። አንዱ የሌላው ትርጉም ነው ማለት ይቻላል።

ስሙን በትክክል ካወጣሁት ይሠራል የሚለው አስተሳሰብ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። «አስማት» የሚለው ቃል በግዕዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ስሞች። በክታብ ላይ የአምላክን ስውር ስሞች መጻፍና መደርደር፣ በእነሱም ጋኔን ማስወጣት፣ ሀብት መሳብ ከሚለው ልማድ የተነሳ ነው ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም የያዘው። የእኛ ብቻም አይደለም። በግብፅ በተገኙ የግሪክኛ የጥንቆላ ጽሑፎች ውስጥ «ያኦ» የሚል ስም ደጋግሞ ይመጣል፤ የዕብራይስጡ ስም ቅርጽ ነው። አምላኩን ያልተከተሉ ሰዎች የስሙን ኃይል ብቻ ፈለጉ። የሐዋርያት ሥራ 19 የአስቄዋን ልጆች ይተርክልናል። ስሙን በትክክል ጠሩት፣ የኢየሱስን ስም። መንፈሱ ግን «እናንተሳ እነማን ናችሁ?» አላቸው። ቆስለው ራቁታቸውን ሸሹ። አጠራሩ ልክ ነበር። የጎደለው ትውውቁ ነው።

ስለ «ኢየሱስ» የሚነገረውንም በአጭሩ። ስሙ የግሪክ ጣዖት የ«ዜውስ» ስም ነው የሚሉ አሉ። ፍጹም ስህተት ነው። «ኢየሱስ» የዕብራይስጡ «የሹዓ» በግሪክ አፍ ሲወጣ ነው። ከክርስቶስ በፊት የነበሩት አይሁድ ተርጓሚዎች የነዌን ልጅ ኢያሱን በግሪክኛ «ኢየሱስ» ብለው ነው የጻፉት። ኢያሱና ኢየሱስ መነሻቸው አንድ ስም ነው። ይህ ዓይነቱ ትምህርት በቅርብ ጊዜ የመጣ ነው፤ በዕብራይስጡ ስም ብቻ መጠራት አለበት የሚለው እንቅስቃሴ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው የጎላው።

በዕብራይስጥ ስሙ መጸለይ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ያማረ ነው። «ያለና የሚኖር» ብሎ አስቦ «ያህዌ» የሚል ሰው ከልቡ ከሆነ ምን ይወጣለታል? በመዝሙር የምንሰማቸውን ግን አውቀን ብንዘምራቸው ደስ ይለኛል። «ያህዌ ይርኤ» አብርሃም ለአንድ ቦታ ያወጣው ስም ነው፣ በይስሐቅ ፈንታ በግ የተገኘበት ተራራ። «ይርኤ» ያያል ማለት ነው፤ የግዕዙ «ርእየ» ዘመድ ነው። «ያህዌ ንሲ» የሙሴ መሠዊያ ስም ነው፣ «ያህዌ ሻሎም» የጌዴዎን። ሰው ከአምላኩ ጋር የሆነውን ነገር ያስታወሰባቸው የቦታና የመሠዊያ ስሞች ናቸው። ልብ ማለት የሚገባ ሌላም አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2008 ከቫቲካን በወጣ ደብዳቤ «ያህዌ» የሚለው በቅዳሴና በመዝሙር እንዳይጠራ አዛለች። አይሁዳዊ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ደግሞ በፊቱ ስሙን ከፍ አድርጋችሁ አትጥሩት። ለእሱ እንደ ድፍረት ነው።

ወደ እቴቴ ልመለስ። «አንቺ ደግሞ፣» አልኳት፣ «በስቅለት ዕለት ስንት ጊዜ ትሰግጃለሽ?» «እንደ አቅሜ» አለች። ስትሰግድ ምን እንደምትል ጠየቅኳት። «ኪርያላይሶን» አለች። እሱ ግሪክኛ ነው፣ ጌታ ሆይ ማረን። «እብኖዲ ናይን» አለች። እሱ የግብፆች ቅብጥኛ ነው፣ አምላክ ሆይ ማረን። በቅዳሴ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባኦት» ትላለች። ጸባኦት ዕብራይስጥ ነው፣ የሠራዊት ጌታ ከሚለው። ከያሬድ ዜማ ጋር «ሃሌ ሉያ» ትላለች። ሃሌሉ አመስግኑ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ያ» ደግሞ ያው ያህ ናት፣ የባለ አራት ፊደሉ ስም አጭር። ዕድሜዋን ሙሉ ስሙን ስትጠራው ኖራለች። በአራት ቋንቋ።

«ሃሌ ሉያ ላይ አለች?» አለችኝ።

«አለች። ኤልያስ ላይ አለች፣ ኢሳይያስ ላይ አለች፣ ነህምያ ላይ አለች። የራስሽ ልጅ ላይም አለች።»

ዘካርያስን ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። «ዘከረ» በግዕዝ አሰበ ነው፣ ዝክር የምንለው ከሱ ነው የመጣው። በዕብራይስጥም እንዲሁ «ዛኻር» አሰበ ነው። የመጨረሻዋ «ስ» የግሪክ ጭራ ናት፣ ተዋት። የቀረው ዘካርያ ነው፦ ያህ አሰበ።

ሦስተኛውን ቀዳች። ልጁ ጓዳ ውስጥ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ጊዜ «ዛኪ» ነው የምትለው። የዚያን ቀን ግን በሙሉ ስሙ ጠራችው።

«ዘካርያስ! ና፣ በረካው ሳይቀዘቅዝ።»